ልጄ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ አወራረሱን የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሰንደቅ ዓላማ ሲቀባ አረንጓዴውን ቡናማ አደረገው። ቸልተኛ ተብሎ ተቆጡት፤ እኔም ተቆጥቼዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የዓይን ሐኪሙ በባለቀለም ነጠብጣቦች ውስጥ የተደበቁ ቁጥሮችን አስነብቦት ቀይና አረንጓዴ እንደሚያምታታበት ነገረን።

ባለቤቴም እኔም ቀለም በደንብ እንለያለን። ታናሽ ወንድሜ ግን እንደ ልጄ ነው። እንዳነበብኩት የሁለቱ ቀለማት መለያ ዘረ መሎች ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ዘረ መሎችን የሚይዝ ክር) ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በጣም ስለሚመሳሰሉ ክሮሞሶሞቹ ክፍል ሲለዋወጡ አንዱ ሊጎድል ወይም ከሌላው ሊቀላቀል ይችላል። ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፣ እርሱም ከእናቱ የመጣ፤ ስለዚህ መተኪያ የለውም። ሴትን ሁለተኛው ይሸፍንላታል። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ የሴት ልጄ ነገር ነው። ከአባቷ ደህናውን ኤክስ ወስዳለች፤ ከእኔ የደረሳት ግን ከሁለቱ ኤክሶቼ አንዱ ነው፤ ደህናው ይሁን ጉድለት ያለበት አላውቅም። ታዲያ ቀለም መለየቷ ተሸካሚ (ራሷ ሳይታይባት ለልጆቿ ልታወርስ የምትችል) አለመሆኗን አያረጋግጥም ማለት ነው? በዘረ መል ምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው? ወንድ ልጄስ ወደፊት ለሴት ልጆቹ በሙሉ አውርሶ ለወንዶቹ አያወርስም የሚሉኝ እውነት ነው?

አማቴ «ከእናንተ ወገን የመጣ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን የማንም ጥፋት እንዳልሆነ በቀላል አማርኛ የማስረዳበት ቃል አጣሁ። የሥነ ሕይወት መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ።