ሳራውንድ ስፒከር ለሳሎን፦ ምን ይገዛ? የት ይሰቀል? ማን ይግጠመው?

«ሆም ቲያትር ልገዛ ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?» የሚሉኝ ሰዎች ወሬያቸው ሁሉ ስለ ዋት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሶፋው የት እንዳለ ነው።

የአዲስ አበባ ሳሎን፣ በተለይ የኮንዶሚኒየም፣ ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው። እንዲህ ከሆነ 7.1 የሚባለውን (ሰባት ስፒከርና አንድ የቤዝ ስፒከር) እርሱት። ከጀርባ የሚጨመሩት ሁለት ስፒከሮች መተንፈሻ ቦታ ስለሌላቸው ጆሮ ስር ይጮሃሉ እንጂ ሌላ ጥቅም የላቸውም። 5.1 ይበቃችኋል፦ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ሳራውንድ (ድምጹን ከጎንና ከኋላ የሚያመጡት)፣ አንድ ሳብውፈር (የቤዝ ስፒከር)።

የሳራውንዶቹ ቦታ በግራና በቀኝ፣ ከተቀማጩ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው። በዲግሪ ለሚፈልግ፣ ቲቪው ዜሮ ላይ ነው ብላችሁ ከ100 እስከ 120 ባለው ውስጥ አድርጓቸው። ሶፋው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ወደ ኋላ መሄድ ካልተቻለ ደግሞ ልክ በጎን፣ 90 ላይ ይሁኑ። ከፍታቸው ተቀምጣችሁ ሳለ ከጆሯችሁ በላይ ግማሽ ሜትር ገደማ። ኤል ሼፕ ሶፋ ያላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሰው አንደኛው ስፒከር ራሱ ላይ ይጮህበታል። የዚያን በኩል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉና ድምጹን ከሴቲንግ ትንሽ ቀንሱለት።

ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ይቀበር የሚላችሁ ባለሙያ አይጠፋም። ያምራል፣ አልክድም። ግን ሳራውንድ ከጎን እንጂ ከአናት አይመጣም። የኮርኒስ ስፒከር ቦታው ድምጽን ከአናት ጭምር የሚያመጣው ዶልቢ አትሞስ ላይ ነው፤ ያውም እንደ ተጨማሪ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በካርቶን ተሟልቶ ከሚሸጠው ውስጥ ለብዙ ቤት የምጠቁመው የሶኒን ኤችቲ-ኤስ20አር ዓይነት ነው። 5.1 ነው፤ 400 ዋት ይላል፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች (ሳራውንዶቹ) በሽቦ ሳብውፈሩ ላይ ይሰካሉ። ታላቁ ኤስ40አር «ገመድ አልባ» ተብሎ ይሸጣል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ሽቦ አይሄድም፤ ነገር ግን ከኋላ የምትቀመጥ ትንሽ አምፕሊፋየር አለችው፤ እሷ ሶኬት ትፈልጋለች፣ ሁለቱ ስፒከሮችም በሽቦ እሷ ላይ ይሰካሉ። ከሶፋችሁ ጀርባ ሶኬት ከሌለ ዋጋውን አትጨምሩ።

በጀቱ ላለው የያማሃ ወይም የዴነን ሪሲቨር (ድምጹን ተቀብሎ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር) ገዝቶ ስፒከሩን ለየብቻ መሰብሰብ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ አንዱን ትቀይራላችሁ። ከብዙዎቹ ሪሲቨሮች ጋር ማይክሮፎን አብሮ ይመጣል፤ መቀመጫችሁ ላይ ስታስቀምጡት ርቀቱንና የድምጹን መጠን ራሱ ያስተካክላል።

«10,000 ዋት ፒኤምፒኦ» (ለማስታወቂያ የተጋነነ የጉልበት ቁጥር) የሚል ካርቶን ካያችሁ ዕቃውን አዙሩና ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከመብራት የሚወስደው 80 ዋት ነው ካለ ሌላው ወሬ ነው። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ጠይቁ።

ከየት ይገዛ? መርካቶ ዋጋው ይሻላል፤ ግን ከፍቶ የሚያሰማችሁ ሱቅ መፈለግ አለባችሁ። ቦሌና መገናኛ አካባቢ ይወደዳል፤ በምትኩ ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ ይገኛል። ቴሌግራምና ጂጂ ላይ ጥሩ ያገለገለ ሪሲቨር ይገኛል፤ ሰውየው ቤት ሄዳችሁ አምስቱም ስፒከር ሲጮህ ሳትሰሙ ብር እንዳትልኩ። ከዱባይ የመጣ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ግን ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት፤ ወዲያው ጭስ ነው። የትም ተገዛ የት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርገውን ስለምታውቁ የቮልቴጅ መከላከያ አብራችሁ ግዙ።

ገጣሚ ላይ ምርጫዬ ግልጽ ነው። የዲሽ ሠራተኛ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግድግዳ መብሳት ያውቃል፣ ድምጽ ማስተካከል ግን ሥራው አይደለም። የሱቁ ልጅ ሰክቶ ይሄዳል። ለአዳራሽና ለቤተ እምነት ሳውንድ ሲስተም የሚዘረጉ ልጆች ትንሽ ያስከፍላሉ፤ ጆሮ ግን አላቸው፤ እኔ እነሱን ነው የምጠራው። ሽቦውን ራሳችሁ ግዙ፤ 1.5 ሚሊ ንጹህ መዳብ። በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ አታስቆፍሩ፤ ዞኮሎውን ተከትሎ በፕላስቲክ መሸፈኛ ይሂድ።

ሳትከፍሉ በፊት አስፈትሹ። ዩቲዩብ ላይ ያለ የአማርኛ ፊልም አብዛኛው ስቴሪዮ ስለሆነ ለሙከራ አይሆንም፤ 5.1 ያለው ፊልም ክፈቱ። ወይም በሪሲቨሩ የሙከራ ድምጽ አንድ በአንድ ያሰማችሁ። ቀይና ጥቁሩ ሽቦ በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፤ የሰው ድምጽም ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባል። ሳብውፈሩን ደግሞ ጥግ ውስጥ አትወሽቁት፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ከእናንተ በላይ ይሰሙታል። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ይነጠፍለት፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ቤዙን ቀንሱ።