የካቴተር ሽፋን ፓተንት፦ መድኃኒቱ የታወቀ ከሆነስ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ወገን። የደም ሥር ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ላይ የሚቀባ፣ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ ጀርም መድኃኒት ቀስ እያለ የሚለቅ ሽፋን እየሞከርኩ ነው፤ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላወጣለት ፈልጌ ነው። የፓተንት መርማሪው «መድኃኒቱ የታወቀ ነው» ብሎ ይጥልብኛል?

መላሽ 1፦ ክሎርሄክሲዲንና ሲልቨር ሰልፋዲያዚን (ሌላ ፀረ ጀርም) የተቀባ ካቴተር እኮ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ «ፀረ ጀርም ሽፋን» ብለህ ብቻ ከጻፍክ አለቀልህ። አዲሱ ነገርህ ምንድን ነው? ፖሊመሩ (መድኃኒቱን የሚይዘው ፕላስቲክ መሰል ነገር)? ንብርብሩ? በየቀኑ ስንት ማይክሮግራም እንደሚለቅ ለክተህ ከድሮው ጋር አወዳድር።

መላሽ 2፦ ፓተንት ስትጠይቅ ለዕቃው እንጂ ለማከሚያ ዘዴው አትጠይቅ። በፈጠራ አዋጁ (ቁጥር 123/1987) ሰውን የማከሚያ ዘዴ ፓተንት አይሰጠውም። ደግሞ ሳታመለክት ቲክቶክ ላይ እንዳትለቀው፣ «አዲስ አይደለም» ሊያስብልህ ይችላል!

ጠያቂ፦ ኧረ ጉድ፣ ትናንት ለጥፌዋለሁ።

መላሽ 2፦ በል ቶሎ አውርደው።