መሥሪያ ቤቱ ከተረታ የጠበቃው ገንዘብ ከማን ይውጣ?

አወያይ፣ ጎንደር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው የመሬት ጽሕፈት ቤትን፣ የገቢዎች ቅርንጫፍን ወይም ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ከሶ ይረታል። የፍርዱ መጨረሻ ላይ ግን «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» ይባላል። ሰውየው መብቱን አስከብሮ የጠበቃ አበሉን፣ የዳኝነቱን፣ የባሕር ዳር ምልልሱን ራሱ ይሸከማል። መሥሪያ ቤት በተረታ ቁጥር ወጪ እንዲተካ ሕግ ያስገድደው ወይስ እንዳሁኑ ለዳኛው ይተው? ሐሳብ ስትሰጡ አሠራሩንም አብራችሁ አስረዱ።

ጠበቃ፣ ከአራዳ

ያስገድደው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 462 ጀምሮ ባለው ክፍል ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ሁሉ ለዳኛው ሰጥቷል። ክርክሩ በሁለት ግለሰቦች መካከል ሲሆን ወጪ ማስከፈል የተለመደ ነው። ተረቺው መንግሥት ሲሆን ግን ያቺ «ይቻሉ» የምትል መስመር ያለ ምንም ምክንያት ትገባለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ሰጥቷል፤ ይህን መብት ለማስከበር ከሚገኘው በላይ የሚወጣ ከሆነ ድሃው ክስ አይጀምርም።

ሕጉ እስኪሻሻል ያለውን መንገድ በትክክል መሄድ ያስፈልጋል። ክስ ማመልከቻው ላይ፣ ዳኝነት በሚጠየቅበት ክፍል «ወጪና ኪሳራ እንዲተካልኝ» ተብሎ ይጻፍ። ፍርዱ ሲነበብ «ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው» ከተባለ በሩ ተከፍቷል፣ ዝርዝሩን ማዘጋጀት ነው። «ይቻሉ» ከተባለ ያለው መንገድ ይግባኝ ነው። አደገኛው ፍርዱ ስለ ወጪ ዝም ያለበት ጊዜ ነው። ሰው «ዳኛው ረስቶት ነው፣ በኋላ አስታውሰዋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 ግን ተጠይቆ በፍርዱ በግልጽ ያልተሰጠ ዳኝነት እንደተከለከለ ይቆጠራል ይላል። የይግባኙ 60 ቀን ሰውየው ሲጠብቅ ያልቃል።

ዝርዝሩ የሚወድቀው በጥቅል ሲጻፍ ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ 15,000 ብር» የሚለውን መስመር ዐቃቤ ሕጉ ሳይደክም ያስጥለዋል። «ጥር 12 ቀን ለ2 ምስክሮች፣ ከቆላ ድባ ጎንደር ደርሶ መልስ» ተብሎ ተጽፎ፣ ምስክሮቹ በዚያ ቀን መሰማታቸውን የሚያሳየው የችሎት ግልባጭ ከተያያዘበት ግን ለመካድ ያስቸግራል። ሚኒባስ ደረሰኝ ስለማይሰጥ የምስክር አበልና ትራንስፖርት በፍርድ ቤቱ በኩል ገቢ አድርጎ ደረሰኝ መያዝ ይሻላል። ዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ስለሚቀር ኮፒው በዚያው ቀን ይነሳ። ለጠበቃ አበል ውሉ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኙና ጠበቃው የቆመባቸው ቀጠሮዎች አብረው ይቅረቡ።

መጠኑ ላይ ከተፈረደው ገንዘብ 10 በመቶ የሚል ልማድ በብዙ ውሳኔ ይታያል። የገንዘብ ክስ ላይ ይሠራል። «የንግድ ፈቃዴ ይታደስልኝ» ብሎ የረታ ሰው ግን 10 በመቶው ከምን ላይ ይታሰብለት? መንግሥትን ከሚከሱት ብዙዎቹ የሚጠይቁት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ

ጠበቃው አሠራሩን በደንብ አስረድተዋል፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። መርታት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መሥሪያ ቤቱ ሲጠይቀው ያላቀረበውን ሰነድ ፍርድ ቤት ላይ ያወጣና ይረታል። መሥሪያ ቤቱ በእጁ ባልነበረ ማስረጃ ለምን ይቀጣል? ሌላው አራት ነገር ጠይቆ አንዱን ያገኛል። የአራቱንም ወጪ ይውሰድ? ሦስተኛው የወረዳ ፍርድ ቤት ላይ ተረትቶ ከፍተኛው ላይ ይረታል። የታችኛው ዳኛ እንኳ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተስማማበት ነገር ነው። ዳኛው ይህን ሁሉ እንዲመዝን ነው ሕጉ ሥልጣን የሰጠው።

ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። ግዴታ ከተባለ ለሁለቱም ወገን ነው። የጠዳ ገበሬ የይዞታ ካሳ አነሰኝ ብሎ ከሶ ቢረታበትስ? የመንግሥትን ወጪ ክፈል ሊባል ነው። ዛሬ «ይቻሉ» የምትለው መስመር እሱንም ታድነዋለች። እናንተ የምታዩት የረታውን ብቻ ነው።

የሕግ መምህር

ጋሼ ያነሱት ስጋት ትክክል ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የፍትሕ እኩል ተደራሽነት ሕግ የሚባል አውጥታለች። አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያስከፍለው፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ከተረታ የጠበቃ ወጪ ይከፍላል፣ ዜጋው ቢረታ ግን በዚህ ሕግ የመንግሥትን ጠበቃ አይከፍልም። ለሀብታምም አልተከፈተም። ክሱ ሲቀርብ የግለሰቡ የተጣራ ሀብት ከ2 ሚሊዮን ዶላር፣ የድርጅት ከሆነ ከ7 ሚሊዮን ዶላር መብለጥ የለበትም፤ የድርጅቱ ሠራተኛም ከ500 መብለጥ የለበትም። በጉዳት ካሳ ክሶች ላይ አይሠራም።

«በእጁ ባልነበረ ማስረጃ» ለሚለውም መልስ አለው። መሥሪያ ቤቱ አቋሙ በቂ ሕጋዊና ተጨባጭ መሠረት እንደነበረው ካሳየ ከክፍያው ይድናል። የማስረዳቱ ሸክም ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው። የረታው ሰው ማመልከቻው ላይ «አቋማቸው በቂ መሠረት አልነበረውም» ብሎ መጻፍ ብቻ ይጠበቅበታል። ይህችን ዓረፍተ ነገር የረሳ ሰው በኋላ ማሻሻል እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወስኗል። ከክሱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ያደረገው ወይም ሳያደርግ የቀረውም አብሮ ይመዘናል። ለደብዳቤ መልስ ነፍጎ ሰውን ወደ ክስ የገፋ መሥሪያ ቤት ችሎት ላይ በጥሩ ጠበቃ ብቻ አያመልጥም።

ጊዜው ጥብቅ ነው። ማመልከቻው ፍርዱ የመጨረሻ በሆነ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የፌዴራል መንግሥቱ ተከራካሪ ሲሆን የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ስለሆነ 30ው የሚቆጠረው ይግባኝ ሳይባል ያ ካለፈ በኋላ ነው። የሚያያዘው ጠበቃው በየቀኑ የሠራውን ሥራና የፈጀበትን ሰዓት የሚያሳይ ዝርዝር ነው። የሰዓቱ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ 125 ዶላር ሲሆን በኑሮ ውድነት ልክ ከፍ እንዲል ይጠየቃል። ጠበቃው ያነሱት የፈቃድ እድሳት ጉዳይ በዚህ መንገድ ይፈታል፤ የሚቆጠረው ሰዓት ስለሆነ የተፈረደ ገንዘብ አያስፈልግም።

ጠበቃ፣ ከአራዳ

አንድ ወገን ብቻ የሚለውን ተቀብያለሁ፣ ገበሬውን ያድነዋል። «በቂ መሠረት» የሚለው በር ግን ሰፊ ነው። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1988 የተሰጠው ትርጉም አስተዋይ ሰው ሊቀበለው የሚችል ከሆነ ይበቃል የሚል ነው። እዚህ ብናመጣው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው «መመሪያው እንዲህ ይላል» ብሎ የማያመልጥ?

የሕግ መምህር

መመሪያው ራሱ ከአዋጁ የሚቃረን ከሆነ እሱን መጥቀስ መሠረት አይሆንም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያም ሆነ አስተዳደራዊ ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። ችግሩ አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የጎንደር ከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የክልል ስለሆኑ የክልሉ ምክር ቤት የሚያወጣው ሕግ ያስፈልጋል። ይህ ክርክር መድረስ ያለበት ባሕር ዳር ነው።

የሒሳብ ባለሙያ

ሁላችሁም ፍርዱ ላይ ቆማችኋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ ልንገራችሁ፣ የሚታነቀው እዚያ ነውና።

የመሥሪያ ቤት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመደበኛ በጀቱ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ አለ። ለተረታ ክስ የተያዘ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ የወጪ ትእዛዝ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ከሌላ የወጪ ርዕስ ላይ የበጀት ዝውውር መጠየቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ኃላፊው መፈረም አለበት። ትእዛዙ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከደረሰ ሥራ ማስኬጃው ተሟጧል። ያን ጊዜ «የሚቀጥለው በጀት ይያዝልዎ» ይባላል። በጀት በሚዘጋጅበት ጊዜ በደብዳቤ ያላስያዘ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውም ያልፈዋል። ስለዚህ ባለመብቱ የአፈጻጸም ትእዛዙን ኮፒ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለገንዘብ መምሪያውም ያስገባ፤ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማህተም ቅጂው ላይ ያስመታ።

ሰነዱ ተመላሽ የሚሆንባቸው ምክንያቶችም ይታወቃሉ። ብሩ በአኃዝና በፊደል ይለያያል። ዋናው ገንዘብና ወጪው ተደባልቆ አንድ ቁጥር ይሆናል። የባለመብቱ ስም በፍርዱ ላይና በመታወቂያው ላይ አይገጥምም። ከሁሉ የሚብሰው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። መዋቅር ሲቀየር ሁለት ጽሕፈት ቤት ይዋሃዳል ወይም አንዱ ለሁለት ይከፈላል። ፍርዱ የድሮውን ስም ይዞ ሲመጣ ሁለቱም «እኛን አይመለከትም» ይላሉ። የአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ «ሥራውና ንብረቱ የተላለፈለት» ብሎ አዲሱን መሥሪያ ቤት በስሙ ማስጠራት ያስፈልጋል።

አሁን ለመምህሩ ጥያቄ አለኝ። በአሜሪካው ሕግ ወጪው የሚከፈለው ከማዕከላዊ ግምጃ ቤት ነው ወይስ ከተረታው መሥሪያ ቤት?

የሕግ መምህር

እህቴ፣ የጠበቃው ክፍያ ከተረታው መሥሪያ ቤት ከራሱ በጀት ነው። ሕጉ ይህን በግልጽ ጽፎታል። የዳኝነትና መሰል ተራ ወጪዎች ግን በአብዛኛው ፍርድ ከሚከፈልበት ማዕከላዊ ገንዘብ ይወጣሉ።

የሒሳብ ባለሙያ

እንግዲያው የእኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። ከግምጃ ቤት ከተከፈለ ያጠፋው ክፍል ምንም አይሰማውም። ከራሱ ሥራ ማስኬጃ ላይ ሲቀነስ ነው ኃላፊው ዐቃቤ ሕጉን «ይህን ክስ ለምን እንከራከረዋለን?» ብሎ የሚጠይቀው። ለአንድ ክስ ከዓመቱ ሥራ ማስኬጃ የተወሰነ እጅ እንዳያልፍ ጣሪያ ይበጅለት፤ የተረፈው በቀጣዩ በጀት ይያዝ።

ነገረ ፈጅ፣ ከአዘዞ

ለምን ከመሥሪያ ቤቱ? ከወሰነው ሰው ደመወዝ ይቆረጥ እንጂ! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ተጎጂው መንግሥትን እንዲጠይቅ፣ መንግሥትም መልሶ ሠራተኛውን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መንግሥት ሠራተኛውን ሲጠይቅ ግን አይታይም። የጥንቃቄ ጉድለቱ የጎላ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይክፈል።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ

ወንድሜ፣ ይህማ ከተደረገ በየጠረጴዛው ፊርማ ይቆማል። ለአመልካች የሚጠቅም ውሳኔ የወሰነ ሰው አይከሰስም፣ የከለከለ ይከሰሳል። ስለዚህ ወይ ሁሉን ይፈቅዳል፣ ወይ ፋይሉን ወደ ላይ እየመራ ያጓትታል። ጉቦ ተቀብሎ ወይም እያወቀ ሕግ ጥሶ ከሆነ ከሰውየው ይመለስ፣ ለዚህ 2126 በቂ ነው። ሕጉን አሳስቶ የተረጎመን ባለሙያ ግን ደመወዙ ላይ አትምጡበት።

ከመምህሩ የተቀበልኩት አንድ ነገር አለ። ከክሱ በፊት ያለው ጠባይ ይመዘን የሚለው። አመልካቹ ማስረጃውን አያይዞ በጽሑፍ ጠይቆ፣ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን ገቢ አድርጎ ምክንያት ሳይሰጥ ዝም ካለ ወጪው በግዴታ ይተካ። በዚህ እስማማለሁ። ለሌላው ዳኛው ይመዝን፤ ወጪ ሲከለክል ግን ምክንያቱን እንዲጽፍ ይገደድ።

ጠበቃ፣ ከአራዳ

ምክንያት ከተጻፈ ግማሹ መንገድ ተሄዷል፤ ይግባኝ የሚባልበት ነገር ይገኛል። በዝምታው ላይ ግን ማስረጃው የአመልካቹ እጅ ላይ መሆን አለበት። ደብዳቤ ሲገባ የገቢ ቁጥር ተመዝግቦበት ቅጂው ላይ ማህተም ካላረፈ ዝምታውን ማንም አያስረዳም። መዝገብ ቤቱ «ኃላፊው ይየው» ብሎ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ልኮ የተላከበትን ደረሰኝ መያዝ።

የሒሳብ ባለሙያ

ደግሞ ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል ከአሁኑ ይታሰብበት። ትእዛዙ በባለመብቱ ስም ነው የሚወጣው፤ ጠበቃው ሊቀበል ከመጣ ውክልናው ላይ «ገንዘብ ተቀብሎ» የሚል ከሌለበት አንከፍልም።

የሕግ መምህር

እዚያም ገንዘቡ የባለጉዳዩ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ወስኗል። ውጤቱ ግን ለጠበቆች ከባድ ነበር። ባለጉዳዩ ለፌዴራል መንግሥት ያለበት ዕዳ ካለ ከተፈረደለት የጠበቃ ወጪ ላይ ይቀነሳል። እዚህ የሚረቀቀው ሕግ ይህን ዝም ብሎ ካለፈው ግብር ያለበት ነጋዴ የረታበት ወጪ ለጠበቃው ሳይደርስ እዚያው ሊቀር ይችላል። ማቀናነሻ የጠበቃ አበልን አይነካም የሚል መስመር ይግባበት።