ኪሾር ኩማር ዘፋኝ ነው ወይስ አክተር? አባቴና ወንድሜ ተከራከሩ

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ድሮ ባህርዳር ውስጥ ቪዲዮ ቤት በነበረበት ጊዜ የህንድ ፊልም አያመልጠውም ነበር፣ እስካሁን ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ያንጎራጉራል፣ ቃሉን አያውቀውም ዜማውን ግን አይስትም። ትላንት የኪሾር ኩማርን ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩለት እንባው መጣ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ "እነሱ እኮ አይዘፍኑም፣ አፋቸውን ነው የሚያንቀሳቅሱት" አለው፣ አባቴ "ይሄኛው ራሱ ነው!" ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ከየት ተነስቶስ ነው እንዲህ የገነነው?

ፔዳ ግቢ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። በህንድ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑን ስቱዲዮ ገብቶ የሚቀዳው ሌላ ሰው ነው፣ አክተሩ ካሜራ ፊት ዘፈኑ እየተለቀቀለት ከንፈሩን ያስኬዳል፣ ፕሌይባክ ይሉታል። ኪሾር ግን ሁለቱንም ይሰራ ነበር። በ1929 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ካንድዋ የምትባል ከተማ ተወለደ፣ ታላቅ ወንድሙ አሾክ ኩማር ስመጥር አክተር ስለነበር ታናሹም አክተር እንዲወጣው ነበር የሚፈልገው፣ የሱ ልብ ግን ዘፈን ላይ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም። በ1948 ዴቭ አናንድ ለሚባል አክተር ሲዘፍን የዛን ጊዜውን ዝነኛ ዘፋኝ የኬ ኤል ሳይጋልን ድምፅ ነበር የሚያስመስለው፣ በኋላ ኤስ ዲ በርማን የሚባለው የዜማ ደራሲ ተው የራስህን አውጣ አለው። ከዛ ነው ያቺ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን ድንገት የሚሰብራት ነገር መለያው የሆነችው። በ50ዎቹ በኮሜዲ ፊልም ታወቀ፣ በዘፋኝነት አንደኛ ያደረገው ግን በ1969 ለአክተሩ ራጄሽ ካና የዘፈነው ነው። ፊልምፌር የሚባለውን ሽልማት በወንድ ዘፋኝነት 8 ጊዜ ወስዷል።

የማሲንቆ ወዳጅ፦
ፔዳ ጥሩ ብለሃል ግን አክተርነቱን በኮሜዲ ብቻ አትለፈው። እኔ ድምፁን የሠራው አክተርነቱ ነው ባይ ነኝ። እኛ ጋ አዝማሪ ቤት ታዳሚው ተቀበል ብሎ ግጥሙን ሲሰጥ አዝማሪው የሰውየውን ሆድ አይቶ ነው አይደል የሚያወጣው፣ ያዘነ ከሆነ ማሲንቆውም ያዝናል። ኪሾርም ለራጄሽ ካና ሲዘፍን ሌላ ነው ለአሚታብ ሲዘፍን ሌላ ነው፣ ሰውየውን ይለብሰዋል። በ1962 በወጣ አንድ ፊልም ላይማ እሱ ሴት መስሎ እየተወነ የሴቷንም የወንዱንም ድምፅ ብቻውን ዘፍኖታል። ለአባትህ ይቺን ክፈትላቸው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ከፈትኩለት!! ወንድሜ አላመነም፣ ሴቷ የምትገባበትን ቦታ ሦስቴ ወደኋላ መልሶ ሰማው። አባቴ ሱቁን ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ነበር፣ መልሶ ቁጭ አለ፣ አሁንም እየሰሙ ነው።