ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ? የኦንላይን ማስተርስ በከሪኩለም ኤንድ ኢንስትራክሽን (ሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር)

ጥያቄ፦ መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። 7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራዬን ሳልለቅ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ያለኝ ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ነው፤ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል። ከምን ልጀምር? ወረቀቱስ እዚህ ይሠራልኛል?

ሬጅስትራር
እህቴ፣ የመጨረሻው ጥያቄሽ ይቅደም። የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የፕሮግራሙን ሙሉ መጠሪያና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መሆኑን ጽፈሽ፣ አንድ ብር ሳትከፍዪ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። ድረ ገጹ ላይ «አክሬዲትድ» ስላለ አትመኚ፤ ዕውቅና ሰጪው ማን እንደሆነ በዚያው አገር አጣሪ።

ማመልከቻ ላይ ደግሞ ስም ያሰናክላል። ሰርኔም በሚለው ቦታ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው የአያትሽን ስም ሙዪ፤ ዲግሪሽ ላይ የስምሽ አጻጻፍ ከተለየ አሁኑኑ አስተካክዪ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ስለሚላክና የወጪ መጋራት ክሊራንስ ስለሚጠየቅበት፣ ከሁሉ ቀድመሽ ጀምሪው።

ፔዳጎጂ
የአሜሪካ ማስተርስ በአብዛኛው ከ30 እስከ 36 ክሬዲት፣ የእንግሊዝ 180 ነው። አቆጣጠሩ ስለሚለያይ የአንዱን ክሬዲት ዋጋ ከሌላው ጋር አታወዳድሪ፤ ጠቅላላ ክፍያውን አስይ። አንዳንድ የአሜሪካ ፕሮግራም የማስተማር ፈቃድ ለማሰጠት የተዘጋጀ ስለሆነ እዚያው ትምህርት ቤት ገብተሽ እንድትለማመጂ ያስገድዳል። «ነን ላይሰንሸር» (ፈቃድ የማያሰጥ) የሚለውን ምረጪ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ አቃቂ ማዕከል ስላለው ለሰፈርሽ ይቀርባል፤ ማስተርሱ ግን ዋናው ሥራ የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሆነ የምርምር ርዕስ ይዘሽ ሂጂ።

አሳይንመንቱን ከራስሽ ክፍል አውጪው። ከሲለበሱ አንድ ምዕራፍ ውሰጂ፣ ከዝቅተኛ የመማር ብቃቱ (ተማሪው ቢያንስ ሊደርስበት ከሚገባው) ተነሺ፣ መጀመሪያ ምዘናውን ቀጥሎ የክፍል ሥራውን ንደፊ። ነጥብ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ዓላማው «ተማሪዎች አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ» ይላል፣ ፈተናው ግን ምርጫ ሆኖ ይመጣል። ምርጫ መጻፍን አይለካም። ተማሪዎቹ እንዲጽፉ አድርጊ፤ የማረሚያ መስፈርቱንም አያይዢ።

ከገላን
መምህርት፣ የአሳይንመንት ማስረከቢያ ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። የኒውዮርክ 11፡59 ፒኤም በእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 12፡59 ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ 1፡59 ይሆናል። ማታውኑ አስገብተሽ ተኚ።

ዙም በቪዲዮ በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይበላል። ካሜራሽን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ «ስቶፕ ኢንካሚንግ ቪዲዮ» የሚለውንም ተጫኚ። መልስሽን በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ አትጻፊ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ይጠፋል። ወርድ ላይ ጽፈሽ ገልብጪ። የሚቻል ከሆነ የቀጥታ ክፍል የማያስገድድ፣ የትምህርቱን ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ይሻልሻል።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ
እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያውስ በምን ይላካል?

ሬጅስትራር
በባንክ። የመግቢያ ደብዳቤውንና ኢንቮይሱን ይዘሽ ሂጂ። የማስተላለፊያ ወጪውን ላኪው እንዲሸፍን «አወር» (OUR) የሚለውን አስመርጪ፤ አለዚያ መሃል ያሉ ባንኮች ቆርጠው ክፍያው ጎዶሎ ይደርሳል፣ ምዝገባሽም ሊታገድ ይችላል። የተማሪ መለያ ቁጥርሽን ማስታወሻው ላይ አስጽፊ።