የህንድ ቅኝ አገዛዝ ላይ ፕረዘንቴሽን አለብኝ፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ በዛብኝ፣ እርዱኝ

ጨነቀኝ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐሙስ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ቡድናችን ፕረዘንቴሽን ያቀርባል። ርዕሱ «የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ በህንድና የህንድ ብሔርተኝነት ዕድገት» ይላል። አምስት ነን፤ ሦስቱ ስማቸውን ከማጻፍ ያለፈ ነገር አላደረጉም። የተሰጠን 15 ደቂቃ ነው።

ችግሬ መረጃ ማጣት አይደለም። ደብተሬ በቁጥር ተሞልቷል። 1757፣ 1857፣ 1885፣ 1905፣ 1919፣ 1930፣ 1947። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ግን አልገባኝም። ትናንት እናቴ ላይ ተለማመድኩ። ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ስደርስ ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

መምህራችን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጠይቁንን ከወዲሁ ነግረውናል። «ጥቂት እንግሊዞች ያን ሁሉ ሕዝብ እንዴት ገዙት? ኋላስ ምን ነክቷቸው ለቀው ሄዱ?» እባካችሁ፣ በቀላሉ የሚያስረዳኝ አለ?

የጠመኔ ብናኝ፦

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። በእያንዳንዱ ዓመት ጎን አንድ ጥያቄ ጻፊ፤ «ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?» በይ። ከዚያ ዓመቶቹ ራሳቸው ይያያዙልሻል።

1757ን እንይ። ህንድን መጀመሪያ የገዛው መንግሥት አልነበረም፤ ነጋዴ ድርጅት ነው። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ይባላል፤ በ1600 ለንደን ላይ ተቋቋመ። በዚያ ዓመት ምሥራቅ ህንድ ውስጥ፣ ቤንጋል በምትባለው ግዛት፣ ፕላሲ ላይ ውጊያ ተደረገ። የኩባንያው አዛዥ ክላይቭ የያዘው 3 ሺህ ያህል ወታደር ነው፤ አብዛኛውም ራሱ ህንዳዊ። የቤንጋሉ ገዥ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ወደ 50 ሺህ ሰው አሰልፎ ነበር። ነገር ግን ከአዛዦቹ አንዱ ሚር ጃፋር አስቀድሞ ከእንግሊዞች ጋር ተስማምቷል። ውጊያው ሲጀመር ጦሩን ይዞ ዳር ቆሞ ተመለከተ። ሲራጅ ሸሸ፣ ተይዞም ተገደለ። ሚር ጃፋር ሥልጣን ላይ ወጣ፤ ገመዱን የሚስበው ግን ኩባንያው ሆነ።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ደብተርሽ ውስጥ የሌለው ዓመት ነው፤ 1765። በዚያ ዓመት በስም የህንድ የበላይ የነበሩት የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም 2ኛ የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ለኩባንያው ሰጡ። ከዚያ በፊት ኩባንያው የቤንጋልን ጨርቅ የሚገዛው ከአውሮፓ በመርከብ ባመጣው ብር ነበር። አሁን ግን ከገበሬው ግብር ይሰበስባል፤ በዚያው ገንዘብ ከሸማኔው ጨርቅ ይገዛል፤ ለንደን ወስዶ ይሸጣል። ጎረቤትሽ ከቦርሳሽ ብር አውጥቶ በዚያው ብር ዶሮሽን ቢገዛሽ ማለት ነው። በ1770 ቤንጋል ውስጥ ከባድ ረሃብ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እንኳ የግብር ስብሰባው አልቆመም።

የመምህርሽ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስም እዚሁ ውስጥ አለ። ወታደሩ ህንዳዊ፣ ጸሐፊው ህንዳዊ፣ ግብር ሰብሳቢው ህንዳዊ፤ የሁሉም ደመወዝ ከህንድ ግብር። ኋላ ላይ 300 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያስተዳድረው የከፍተኛ ሹማምንት አገልግሎት 1000 ሰው ገደማ ብቻ ነበረው።

ጨነቀኝ፦

የዶሮዋን ነገር ለእናቴ ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀምጣ «ወይ ጉድ» አለች! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 1857ስ እንዴት ይገባል?

የጠመኔ ብናኝ፦

ያኔ ደመወዝተኛው ወታደር ራሱ አመፀ። ከደልሂ አጠገብ ካለችው ሚረት ጀምሮ ሰሜን ህንድ ተናወጠ። አመፁ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በ1858፣ ኩባንያው ከሥልጣን ወርዶ ህንድ በቀጥታ በንግሥቲቱ ሥር ገባች። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዪ፤ 15 ደቂቃ ነው ያለሽ።

ተከራካሪው፦

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁሉን ነገር በሂሳብ አይጠርጉት። የ1857 ወታደር የተነሳው ስለ ግብር አይደለም። አዲስ የመጣው ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ ወረቀቱም በጥርስ ተነክሶ ይቀደዳል። የተቀባው ስብ የላምና የአሳማ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሂንዱው በላሟ፣ ሙስሊሙ በአሳማው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነኩ። ሰው ክብሩ ሲነካ ሂሳብ አይቆጥርም።

እህቴ፣ 1919ን አትዝለይው። አምሪትሳር የምትባል ከተማ ውስጥ ጃሊያንዋላ ባግ የሚሉት፣ ዙሪያውን በግንብና በቤት ጀርባ የታጠረ ሜዳ አለ። መውጫው ጠባብ ነው። ኤፕሪል 13 የበዓል ቀን ስለነበር ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ጄኔራል ዳየር 50 ጠመንጃ ያዥ ይዞ ገባ። ተበተኑ አላለም። 10 ደቂቃ ያህል አስተኮሰ፤ 1650 ጥይት። ሰው ግንቡን ሊዘል ሲሞክር ተመታ፤ ሜዳው ውስጥ ወዳለው ጉድጓድ ውኃም ዘሎ የገባ አለ። መንግሥት ያመነው 379 ሟች ነው፤ ህንዶቹ የቆጠሩት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ዳየር መትረየስ የተጠመደበት ተሽከርካሪም ይዞ መጥቶ ነበር፤ መግቢያው ስለጠበበ ውጭ ቀረ። ለአጣሪው ኮሚቴ ማስገባት ቢችል ኖሮ እንደሚጠቀምበት ተናግሯል። እስቲ ይህን በገንዘብ ያስረዱኝ?

የጠመኔ ብናኝ፦

ተከራካሪው፣ ስለ ክብር ያልከውን ተቀብያለሁ። ግን ሰዎቹ ለምን ተቆጥተው እንደነበር አልነገርካትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1 ሚሊዮን በላይ ህንዳዊ ባሕር ተሻግሮ ለእንግሊዝ ዘምቷል። የህንድ ግምጃ ቤት በ1917 ለጦርነቱ 100 ሚሊዮን ፓውንድ «ስጦታ» ሰጥቷል። ህንዶች ከጦርነቱ በኋላ ራስን ማስተዳደር ይመጣል ብለው ሲጠብቁ የመጣው የሮውላት ሕግ ነው፤ ያለ ፍርድ የሚያሳስር። ለዳየር ደግሞ አንድ የለንደን ጋዜጣ መዋጮ ሰብስቦ 26 ሺህ ፓውንድ ሸልሞታል። ባለቅኔው ታጎር ከንጉሡ የተቀበለውን የክብር ማዕረግ የመለሰው በዚያው በ1919 ነው።

የአምባሰል ልጅ፦

ከንባብ ብቻ ወጥቼ አላውቅም፤ ይህቺን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኛንም የሚነካ ነገር አለበት። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት መቅደላ የወጣው የናፒየር ጦር ከየት ተነሳ? ከቦምቤይ። ከ13 ሺህ ገደማው ወታደር ብዙው ህንዳዊ ነበር። መድፍ የተሸከሙት 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ በመርከብ ከህንድ ነው የመጡት። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ታዲያ ለህንዳውያኑ ወታደሮች መደበኛውን ደመወዝ ማን ይክፈል ሲባል፣ የለንደን ፓርላማ የህንድ ግምጃ ቤት ይክፈል ብሎ ወሰነ!

ይህን ለንደን ላይ ሆኖ የተቃወመው ሰው ዳዳብሃይ ናኦሮጂ ነው። በ1867 መጨረሻ ስለ አቢሲንያ ጦርነት ወጪ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አነበበ። የህንድ ገበሬ ከመቅደላ ጋር ምን አገናኘው ነው ነገሩ። ያው ሰው ኋላ ላይ የህንድ ሀብት በደመወዝ፣ በጡረታና በወለድ መልክ እየተንጠባጠበ ወደ እንግሊዝ እንደሚፈስ በአኃዝ አሳየ። በ1885 የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ የሚባለው የፖለቲካ ማኅበር ሲመሠረትም ነበረበት። በ1892 ደግሞ በጥቂት ድምፅ በልጦ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆነ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ቴዎድሮስ ያለፉት ኤፕሪል 13 ነው፤ ጃሊያንዋላ ባግም ኤፕሪል 13። መገጣጠም ነው፤ እኔን ግን ሁሌ ይገርመኛል።

ጨነቀኝ፦

የመቅደላውን ክፍል ውስጥ ማንም አያውቀውም!! እሱን ራሴ ነው የማቀርበው። ግን ኮንግረስ ሲመሠረት ምን ጠየቁ? መጽሐፉ «የለዘብተኞች ዘመን» ብሎ ያልፈዋል።

የጠመኔ ብናኝ፦

ቦምቤይ ላይ 72 ሰው ተሰበሰበ። ብዙዎቹ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛና መምህር ናቸው። ከጠሪዎቹ አንዱ ሂዩም የሚባል ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ሹም ነበር። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። ለምሳሌ የሲቪል ሰርቪሱ ፈተና ለንደን ብቻ ይሰጥ ስለነበር ህንድ ውስጥም ይሰጥ አሉ። 20 ዓመት አቤቱታ ጻፉ። በ1905 ከርዘን የሚባለው እንደራሴ ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍል ነገሩ ከወረቀት ወደ መንገድ ወጣ። ሰው የማንቸስተርን ጨርቅ አደባባይ ላይ አቃጠለ፤ የአገሩን ልበስ ተባለ። ስዋዴሺ ይሉታል። በ1911 ክፍፍሉ ተሻረ።

አሁን ወደ ጨው። በ1930 ጋንዲ የ60 ዓመት ሰው ነበር። ጓደኞቹ ትልቅ ነገር ሲጠብቁ እሱ ጨውን መረጠ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ነገሩ ግን ብልህ ነበር። ጨው የመንግሥት ነው፤ ግብር አለበት። ባሕሩ ዳርቻ ላይ የተወለደ ሰው እንኳ እግሩ ሥር የደረቀውን ጨው ቢያነሳ ወንጀለኛ ነው። ስለ ምርጫ ሕግ ብታወሪ የሚሰማሽ ጠበቃው ነው፤ ስለ ጨው ብታወሪ ግን ወጥ የሚሠራ ቤት ሁሉ ይሰማሻል። እኛ አሞሌን እንደ ገንዘብ የተገበያየን ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

ከ78 ሰው ጋር ማርች 12 ከሚኖርበት ከሳባርማቲ ተነሳ። 24 ቀን፣ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር። በየመንደሩ እያደረ፣ እየተናገረ፣ ከኋላው ሰው እየጨመረ ሄደ። ኤፕሪል 6 ጠዋት ዳንዲ ዳርቻ ላይ ጎንበስ ብሎ ጭቃ የለበሰ ጨው አነሳ። በቃ፣ ሕጉ ተጣሰ። በዚያ ዓመት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ።

ጋንዲም ሲታሰር ዳራሳና ወደሚባለው የጨው ማምረቻ ሰልፉን የመራችው ባለቅኔዋ ሳሮጂኒ ናይዱ ናት። ሰዎቹ በመደዳ ይሄዳሉ፤ ፖሊስ ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ጭንቅላታቸውን ይመታል፤ ይወድቃሉ። ቀጣዩ ረድፍ ይሄዳል። እጁን ለመከላከል ያነሳ የለም። ይህን ያየ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ወሬውን ለዓለም አሰራጨው።

ተከራካሪው፦

ጥሩ። ግን ጋንዲ ብቻውን እንዳባረራቸው አድርገሽ አታቅርቢው፤ መምህርሽ ያፋጥጡሻል። በ1930 ጨው ተነሳ፤ እንግሊዞች የወጡት በ1947 ነው። መሃል ላይ 17 ዓመት አለ። ሱባስ ቻንድራ ቦስ የሚባል ሌላ የነፃነት ታጋይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጎን ሆኖ ጦር አሰለፈ። ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዞች ከዚያ ጦር ሦስት መኮንኖችን ደልሂ ቀይ ምሽግ ውስጥ ለፍርድ አቀረቡ። አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ሲክ! አገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተነሳ። በፌብሩዋሪ 1946 ደግሞ ቦምቤይ ላይ የባሕር ኃይሉ አመፀ። መነሻው የምግብ መበላሸት ነው። በቀናት ውስጥ ወደ 20 ሺህ መርከበኛ ደረሰ።

የጠመኔ ብናኝ፦

እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ግን ሂሳቡን እንዝጋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ2 ሚሊዮን በላይ ህንዳዊ ተመለመለ። ከረን ላይ ጣሊያንን የሰበሩት 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ከእነዚሁ ናቸው። በ1943 ቤንጋል ውስጥ እስከ 3 ሚሊዮን ሰው በረሃብ ሞተ። እንግሊዝ ግን ከህንድ የወሰደችውን ዕቃና አገልግሎት ሁሉ «በኋላ እከፍላለሁ» እያለች አስመዘገበች። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ 1.3 ቢሊዮን ፓውንድ የህንድ ዕዳ ነበረባት። 200 ዓመት ስታስከፍል የኖረችው ተበዳሪ ሆነች። ወታደሩም እንደ ድሮው የሚታመን አልሆነም። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስሽ ይኸው።

ሻርጃ ነኝ፦

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዱ ባልደረባዬ ከህንድ ፑንጃብ፣ ሌላው ከላሆር ነው፤ ፓኪስታናዊ። ሁለቱም ፑንጃብኛ ሲያወሩ አስተርጓሚ አይፈልጉም። ኦገስት 14 አንዱ ጣፋጭ ያመጣል፤ በማግስቱ ሌላው። የነፃነት ቀናቸው ነው። እኔ ሁለቱንም እበላለሁ። 😄 የላሆሩ ሰውዬ አያቱ ከወዲያ ማዶ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው እንደወጡ አጫውቶኛል። እንመለሳለን ብለው ነበር። እህቴ፣ መከፋፈሉንም አስገቢበት።

የጠመኔ ብናኝ፦

ትክክል ነሽ፤ ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። ባጭሩ፦ የሙስሊም ሊግ በ1906 ዳካ ላይ ተመሠረተ። በ1909 እንግሊዞች ለሙስሊሙ የተለየ የምርጫ መዝገብ አወጡ፤ ሰው በሃይማኖቱ እየተቆጠረ መምረጥ ለመደ። በ1940 ላሆር ላይ የተለየ አገር ጥያቄ ቀረበ። በ1947 በህንድና በፓኪስታን መሃል ድንበሩን ያሰመረው ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ነው፤ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነው። መስመሩ ይፋ የሆነው ኦገስት 17 ነው፤ ነፃነቱ ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ለቀቀ፤ እጅግ ብዙ ሰው ታረደ።

ጨነቀኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዶሮዋ እጀምራለሁ፤ መቅደላን፣ ጃሊያንዋላ ባግን፣ ጨውን፣ ዕዳውን አስከትላለሁ። በላሆሩ ሰውዬ አያት ቁልፍ እጨርሳለሁ። እናቴ ላይ በድጋሚ ተለማምጄ 17 ደቂቃ ፈጀብኝ። ምን ልቀንስ?

የጠመኔ ብናኝ፦

ኮንግረሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፊው። ደግሞ ሰሌዳው ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ ጻፊ። 1947 እነሱ ጋ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 9፣ 1939 ነበር። በየዓመቱ አንድ ልጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ተከራካሪው፦

ስማቸውን ብቻ ላጻፉት ሦስቱስ ምን ሥራ ተሰጣቸው?

ጨነቀኝ፦

አንደኛው ጨው ይዞ ይመጣል። የተቀሩት እንደ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመው ይይዙታል። 😂