ስቱዲዮ ራሱ ስሜት ይግለጽ ወይስ ዝም ይበል?

የክርክሩ መነሻ፦ በሕዝብ ገንዘብ ለአርቲስቶች ስቱዲዮ ሲሠራ ሕንፃው በቅርጹና በማቴሪያሉ ስሜት መግለጽ አለበት? ወይስ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ በርና ጥሩ ብርሃን ይበቃል? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

አርክቴክቱ፦ እኔ ይግለጽ ባይ ነኝ። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ሰብሰብ ያደርግሃል፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ደግሞ ቀና ያደርግሃል። አርክቴክቱ ቫሌሪዮ ኦልጃቲ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሻራንስ በምትባል መንደር ለአንድ ሙዚቀኛ የሠራውን ስቱዲዮ እዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ያለቀውን። በድሮ ጎተራ ቦታ ላይ የቆመ፣ ሁለመናው ቀይ ኮንክሪት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በትልቅ ሞላላ ክፍተት ሰማይ የሚታይበት ግቢ። ይህን ከነጭ ሳጥን አታገኙትም።

ሰዓሊዋ፦ ለሙዚቀኛ ይሁን። ለሰዓሊ ግን ቀይ ግድግዳ መከራ ነው። አንድ ጊዜ ደማቅ ቀይ ግድግዳ ያለው ክፍል ተሰጥቶኝ ሦስት ወር ሠርቻለሁ። ግራጫ ቀላቅዬ ሸራው ላይ ሳሳርፈው ልክ ይመስለኛል፣ ውጭ አውጥቼ ሳየው ወደ አረንጓዴ ሄዶ ቁጭ! ለካ ግድግዳው ቀይ ብርሃን ሸራው ላይ እየደፋብኝ፣ እኔ ደግሞ ሳላውቀው እሱን ለማብረድ ቀዝቃዛ ቀለም እየጨመርኩ ነበር። አንደኛው ግድግዳ ደግሞ ወደ ውጭ ያጋደለ ነው፣ ሸራ ቀጥ አድርጎ መስቀል አይታሰብም። የማንን ስሜት ነው የምትገነባው ወንድሜ፣ የእኔን ወይስ የራስህን?

ሸክላ ሠሪው፦ እህቴ እውነትሽን ነው፣ ግን ነጩ ሳጥንም ዝም አይልም እኮ። ባዶ ኮንክሪት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ሲጎተት ድምፁ ዞሮ ዞሮ አናትሽ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማታ ስወጣ የሚያደክመኝ ጭቃው ሳይሆን ጩኸቱ ነው። እጄ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ስለሆነ የበሩ እጀታ ብረት ይሁን እንጨት እንኳ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማቴሪያል ስሜት የለውም የሚለኝን ሰው አልሰማም።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ሰዓሊው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1992 ለንደን ውስጥ በአንድ ጠባብ ስቱዲዮ ሠርቷል። ሲሞት እዚያ የነበረው ኮተት ከ7,000 በላይ ዕቃ ሆኖ ተቆጥሮ እንዳለ ወደ ደብሊን ተዛውሯል። ይህ ሰው ቴምዝ ወንዝ ዳር ሌላ ቤት ገዝቶ ነበር፣ ግን ከውሃው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን እየረበሸው መሥራት አቃተው። ቀራፂው ጃኮሜቲም እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ፓሪስ ውስጥ በ23 ካሬ ሜትር ገደማ ስቱዲዮ ነው የሠራው። የእነዚህን ክፍሎች ስሜት የነደፈ አርክቴክት የለም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በዓመታት ያመጡት ነው።

አርክቴክቱ፦ እነሱ እኮ አንድ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። የሕዝብ ስቱዲዮ ግን ሰው ይቀያየርበታል፣ ስድስት ወር ለሚቆይ ሰው ክፍሉ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ሊሰጠው ይገባል። የቀዩን ግድግዳ ነገር ተቀብያለሁ። መግቢያውን፣ ኮሪደሩንና ግቢውን ለእኔ ተዉልኝ፣ ሸራ የሚቆምበት ግድግዳ ቀጥ ያለና ነጭ ይሁን።

ሰዓሊዋ፦ ኮርኒሱስ? ወለሉስ? ከእነሱም ቀለም ይመለሳል እኮ። የምትመርጠውን እንጨትና ኮንክሪት ቁራጭ ናሙና አምጣና ነጭ ሸራ አጠገብ አቁመው። ጠዋትም ከሰዓትም እንየውና ከዚያ እንከራከር።